የሚሮጠው ማን ነው

«አባዬ ይሮጣል» አለች ኪያ።

ገለታ አንዱን ካልሲ አጥልቆ ሌላውን በእጁ እንደያዘ አልጋው ጠርዝ ላይ ክው ብሎ ቀረ። ልጁ ከኳየራቸው መሪ ጋር ስልክ የምታወራው ከቺፑዱ ማዶ ሆና ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ነበር፤ ልጅቷ ስታድግ ገለታ ራሱ መጋዝ ተውሶ፣ ቺፑድ ገዝቶ ለሁለት ከፈለው። ከፈለው ማለት እንግዲህ ዓይንን ነው እንጂ ጆሮንማ ማን ይከፍለዋል! በወዲያ በኩል ያለው ሰው ሲያዛጋ በወዲህ በኩል ያለውም አብሮ አፉን ይከፍታል። ሦስቱም እንዲህ ሆነው ሲኖሩ አንዱ ሌላውን እንዳልሰማ መሆንን ተለማምደዋል። ሚስቱ ውባለም ጎህ ሳይቀድ ድምፅዋን አውጥታ ስትጸልይ ኪያ አትሰማም፤ ኪያ ከጓደኞቿ ጋር ስትንሾካሾክ አባትና እናት አይሰሙም። የዛሬውን ግን ገለታ ሰማ። ስሙ የተነሣው የእሱ የራሱ ሆኖ ሳለ እንዴት አድርጎ አይስማ?

«ማለቴ... ሌንጮ ስማኝ፣ ለማንም ተናግሬ አላውቅም እኮ። ግን ነገ የአዳራሹ ምረቃ ነው፤ እንግዳው ሁሉ አለ፣ ካሜራ አለ። መዝሙሩን በጀመረበት አይጨርሰውም፣ በቃ ይሮጣል። እኔ አብሬው እየሮጥኩ ነው የምሸፍንለት። ሰው አያውቅበትም፣ እኔ ግን አውቃለሁ። ኦልያድን ለምን አትጠራውም? አሪፍ ነው የሚመታው... ኧረ እኔ አልነግረውም! አንተ ንገረው። አባቴ እኮ ነው።»

እስቲ እናንተው ፍረዱ። ገለታ ሸጎሌ ባለው ቤተ ክርስቲያናቸው ከበሮ መምታት የጀመረው ኪያ ሳትወለድ ነው። መጀመሪያ በቆዳው ከበሮ መታ፣ በኋላ አንድ ወንድም ያገለገለ ድራም ለኳየሩ ሲሰጥ በድራም መታ። ማንም አላስተማረውም። ቁጭ ብሎ መታው፣ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ አለቀ። «የገለታ እጅ ቅባት አለው» ይላሉ እናቶች። በሥራ ቀን አዲሱ ገበያ ጎሚስታ ቤት ጎማ ሲያወጣና ሲያስገባ የሚውል፣ በጥፍሩ ውስጥ ያለው ጥቁረት በምንም ሳሙና የማይለቅ ሰው ነው። እሑድ ግን ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ያቺ ክብ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ሌላ ሰው ይሆናል። ያቺ ወንበር ባትኖር እሑድን ምን ሲሠራ እንደሚውል አስቦ አያውቅም። እና አሁን የገዛ ልጁ፣ ለምና አልቅሳ ኪቦርድ ያስገዛችው ልጁ፣ ይሮጣል አለችው። በሙዚቀኞች አነጋገር መሮጥ ማለት ሳይታወቅህ መዝሙሩን እያፈጠንክ መሄድ ነው፤ ምት የለህም ማለት ነው። ድራም የሚመታን ሰው ምት የለህም ማለት ደግሞ ሹፌርን መንገዱ አይታይህም እንደማለት ነው።

ቁርስ ላይ ሦስቱም በትንሿ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ አንዱ ሲነሣ ሌላው ጉልበቱን ማጠፍ አለበት። ውባለም ሻይ ቀዳችና ዳቦ አቀረበች። በቀኝ እጇ አንዱን ዳቦ አንሥታ እንደመመዘን አደረገችው። «አሁንም አነሰ» አለች፣ «ዋጋው ግን ሲያንስ አላየሁም። ነገ ደግሞ በጣታችን እንለካው ይሆናል።» «እህ» አለ ገለታ። ኪያ ስልኳን እያየች ታኝካለች። ሌላ ቅዳሜ ቢሆን አባትና ልጅ የነገውን መዝሙር እያንጎራጎሩ፣ ገለታ ጠረጴዛውን በጣቶቹ እየደበደበ፣ ሻይ እየፈሰሰ፣ ውባለም እየተቆጣች ነበር ቁርስ የሚበላው። ዛሬ ግን ገለታ እጆቹን ጭኑ ላይ አስቀመጣቸው። የሌላ ሰው እጅ መሰሉት። ኪያ ቀና ብላ፣ «ስኳር ልጨምርልህ አባዬ?» አለችው። ይበቃኛል አላት። «ልምምዱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ሌንጮ ትንሽ ቀደም በልልኝ ብሎሃል።» «ለምን?» «እንጃ» አለች። እንጃ! ዓይኑን እያየች። ገለታ ሻዩን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠውና አፉ ተቃጠለ።

ኪያ ፊቷን ልትታጠብ ወደ ግቢው ቧንቧ ስትወጣ ወደ ሚስቱ ተጠጋ።

«ውቤ፣ እሮጣለሁ እንዴ?»

እሷም ሰምታለች፤ አልሰማሁም ብላ ጊዜ አላባከነችም። «እኔ ምን አውቄ! አንተ ትመታለህ፣ እኔ አጨበጭባለሁ።»

«ስታጨበጭቢስ?»

ውባለም አሰበች። ሚስቱ መዋሸት አታውቅበትም፤ ይኼ ነው ጣጣዋ። «መጨረሻው ላይ ትንሽ ያልበኛል» አለች። «እኔ መንፈስ ነው ብዬ ነበር።»

ወደ አዲሱ ገበያ ቁልቁል ሲወርድ ገለታ እርምጃውን መጠበቅ ያዘ። አንድ እግር፣ ሌላ እግር፣ እኩል። እኩል ነው ብሎ ሲያስብ እኩል መሆኑን ተጠራጠረ፤ ሲጠራጠር እግሩ ተወላከፈ። ሰው በሕይወቱ ሙሉ ሲራመድ ኖሮ አንድ ቀን እንዴት ነበር የምራመደው ብሎ ቢያስብ መውደቁ ነው። ከእንጦጦ በኩል የሚወርደው ነፋስ የታክሲ ረዳቶቹን ጩኸት እየቆራረጠ ያመጣዋል፤ «ፒያሳ ፒያሳ ፒያሳ» የሚለው ልጅ ምት ነበረው፣ ጥርት ያለ ምት። ገለታ ቆም ብሎ ሰማው። ቀናበት። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፣ በታክሲ ረዳት ይቀናል።

ጎሚስታ ቤቱን የሚሠሩት ከጌቱ ጋር ነው። ጌቱ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ የራጉኤል ደብር ልጅ ነው፤ በገለታ እምነት መቀለድ አይሰለቸውም፣ ገለታም አይከፋውም። ዛሬ ገለታ ሰላም እንኳ ሳይለው ስልኩን አውጥቶ ከኢንተርኔት ሜትሮኖም አወረደ። ሌንጮና ኪያ ሲያወሩበት ሰምቷል እንጂ ነክቶት አያውቅም። ስልኩ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረ።

«ይቺ ደግሞ ምንድናት?» አለ ጌቱ።

«ምት ትጠብቃለች።»

«የማንን?»

«የእኔን።»

«ልብህ ነው እንዴ? ታዲያ ሐኪም ቤት ሂዳ ገለታ! ልጆች አሉህ... ልጅ አለችህ።»

ገለታ የጎማ ማውጫውን ብረት አንሥቶ የቆመ ቸርኬ ላይ መምታት ጀመረ። ከቀጯ ጋር ገጠመ። ችክችካውን ገባበት፣ ያቺን ሰው ትከሻውን ሳያስፈቅድ የምታነቃንቀውን፤ ቀጯ ከሥር ነበረች፣ እሱ ከላይ ነበረ፣ አልተለያዩም። «ድምፁን አጥፋውና ቆይተህ ክፈተው» አለው ጌቱን። ጌቱ አጠፋው። ገለታ ብቻውን መታ፣ መታ፣ መታ። ጌቱ ከፈተው፤ ቀጯ ገለታ ካለበት ላይ ቁጭ አለች። ደግመው ሞከሩት፤ ያው ነው። ገለታ ደረቱ ተነፋ። ወዲያው ደግሞ ደሙ ፈላ። ውሸቷን ነው! አባቷን አሳልፋ ሰጠች፣ ያውም በውሸት። ቪትዝ መኪናዋን በሦስት ጎማና በክሪክ አቁመው የረሷት ሴትዮ ከውስጥ አንገቷን አውጥታ፣ «እኔን የምትሸኙኝ በሙዚቃ ነው ወይስ ጎማዬን ትገጥሙልኛላችሁ?» አለች። ጌቱ እየሳቀ ጎማውን ሊገጥም ሄደ።

ገለታ ግን እዚያ ላይ ቢተወው መልካም ነበር። አልተወውም። የቤተ ክርስቲያኑ ቴሌግራም ላይ ያለፈው እሑድ መዝሙር ነበረ፤ ከፈተው፤ ቀጯን የጌቱ ስልክ ላይ አውርዶ ከመዝሙሩ መጀመሪያ ጋር አገጣጠማት። የመጀመሪያው ስንኝ ላይ አብረው ሄዱ። አዝማቹ ሲመጣ መዝሙሩ ትንሽ ቀደመ፤ ሁለተኛው አዝማች ላይ ጥሏት ሄደ፤ መጨረሻው ላይ ቀጯ ወደኋላ ቀርታ ብቻዋን እንደምታነክስ አሮጊት ሆነች። የባለፈውን ወር ከፈተ። ያው። የፋሲካን ከፈተ፤ የባሰ። ገለታ ስልኩን ጎማ ላይ አስቀምጦ እጆቹን አያቸው። እዚህ ቸርኬ ላይ የመታው ሰው አይሮጥም። እዚያ የመታው ሰው ይሮጣል። ሁለቱም እሱ ናቸው። ታዲያ የትኛው ነው የልጁ አባት? ግራ ገባው፤ ግራ መግባት እንኳ አይደለም፣ አእምሮው የሚረግጠው መሬት አጣ።

«እንዴት ነው ነገሩ?» አለው ጌቱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተመልሶ። ነገረው፤ ሁሉንም፣ ቺፑዱንም ጭምር። ጌቱ ለአንድ ጊዜ እንኳ አልሳቀም። «ሕዝቡ ይሆናላ የሚያስሮጥህ» አለ። «ያ ሁሉ ሰው ሲያጨበጭብ።» «ሰርግ ቤትም እመታለሁ፣ እዚያም ይጨበጨባል። ማንም ሮጥክ ያለኝ የለም።» «እንግዲያው ድራሙ ነው።» «ድራም ይሮጣል?» «እኔ ምን አውቅልሃለሁ፣ እኛ ዘንድ ካህናቱ ቀስ ይላሉ፣ ቀስ ይላሉ፣ ከዚያ እነሱም ይሮጣሉ፤ ማንም ስልክ አያወጣባቸውም።» ገለታ መሳቅ ፈልጎ አልሆነለትም። ነገ ያቺ ወንበር ላይ የሌላ ሰው ልጅ ተቀምጦ፣ እሱ ከሕዝቡ መሀል ሆኖ ሲያጨበጭብ ታየው። ምሳ አልበላም።

ወደ ሸጎሌ የያዘው ሚኒባስ የከብት ገበያው ጋ ሲደርስ ቆመ። ቅዳሜ ነው፤ በሬዎች መንገዱን ሞልተው እንደ ባለሥልጣን ቀስ ብለው ይሻገራሉ። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ፣ ተሳደበ፣ ተስፋ ቆረጠ። ገለታ በመስኮት ሲያያቸው ምን ብዬ ልግባ እያለ ነበር። አላውቅም ልበል? ሰምቻለሁ ልበል? ሌንጮ ሲነግረኝ የተገረመ ፊት ላሳይ? ይቺን ልጅ ስትወለድ በእነዚህ እጆቼ ነው የተቀበልኳት፤ በፊቷ የተገረመ ፊት ላሳይ?

አዲሱ አዳራሽ ቀለም ቀለም ይሸታል። የፕላስቲክ ወንበሮቹ ከነላስቲካቸው ተደርድረዋል፤ መድረኩ ላይ የነገው መጋረጃ ገና ግማሹ ነው የተሰቀለው። ሌንጮ ጊታሩን አንግቶ ገመድ ይጠቀልላል፤ ኳየሩን የሚመራው እሱ ነው፣ ሥነ ሥርዓት ያለው፣ ሰው ማስከፋት የሚፈራ ወጣት ነው። ኪያ ኪቦርዱ ጋ ቆማ ምንም ቆሻሻ የማይታይበትን ቁልፍ ትጠርጋለች። ዘማሪዎቹ አራት አምስት ሆነው ደረጃው ላይ ተቀምጠው ያወራሉ።

«ጋሽ ገለታ፣ እንዴት ዋሉ? እ... ማለቴ ዛሬ አንድ ነገር ልንሞክር ብዬ ነበር፤ በጆሮ ማዳመጫ ምት እየሰሙ...»

«እሮጣለሁ አይደል?» አለ ገለታ።

«ማን አለ?» አለ ሌንጮ፣ ፊቱ ተለዋውጦ።

«ቺፑዱ ነው ያለኝ።»

ኪያ አንገቷን ደፋች። ሌንጮ ቺፑዱን ባያውቀውም ነገሩ ገባው። «ጋሼ ይቅርታ፣ እኔ በቀጥታ ልነግርዎ...» «ምንም አይደል ልጄ፣ ሥራህ ነው። አምጣው ጆሮ ማዳመጫውን።»

ተቀመጠ። ቀጯ ጆሮው ውስጥ ገባች። ሌንጮ በጣቱ ቆጥሮ አስጀመረው፣ ዘማሪዎቹ ተነሥተው ዘመሩ፣ ገለታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፍንክች አላለም። የኪያን ኪቦርድ አልሰማውም፤ የሚሰማው ቀጯን ብቻ ነበር። ሲጨርሱ ሌንጮ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ልክ ነዎት። በጣም ልክ ነዎት ጋሼ።» ኪያም ቀና አለች፤ ፊቷ ላይ ሐፍረትና ግርምት ተደባልቆ ነበር። «አሁን ያለ ማዳመጫ» አለ ሌንጮ። ያለ ማዳመጫ መቱ። አዝማቹ ላይ ሲደርሱ መዝሙሩ ተነሣ፣ ተንደረደረ፣ ዘማሪዎቹ ትንፋሽ አጥሯቸው ጨረሱ። ሌንጮ ግንባሩን አሸ። ከዚያ ምን እንደታየው እንጃ፣ ኪያን አስነሥቶ ራሱ ኪቦርዱ ላይ ተቀመጠ። ያንኑ መዝሙር፣ ያለ ማዳመጫ። ገለታ አልሮጠም። መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር እኩል ሆኖ አለቀ። ኪያን መልሶ፣ ገለታን አስነሥቶ፣ ብቻዋን በሜትሮኖም አጫወታት። እሷም አልሮጠችም፤ ጭራሽ ሰዓት ናት።

«ለየብቻ ስትሆኑ ልክ ናችሁ» አለ ሌንጮ ቀስ ብሎ። «አንድ ላይ ስትሆኑ ትሮጣላችሁ።»

ከዘማሪዎቹ አንዷ፣ «ዘር ነዋ!» አለችና ሁሉም ሳቁ። አባትና ልጅ አልሳቁም። ሌንጮም ሳቁን ቶሎ ዋጠው። «ነገ እንግዳ አለ፣ ይቀረጻል። ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ የለንም። እኔ እንዲህ ልበል፣ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ነገ ብትቀመጡስ? ጋሽ ገለታ ከተቀመጡ ኦልያድ ይመታል፤ ኪያ ከተቀመጠች ኪቦርዱን እኔ እይዛለሁ። እናንተው ተነጋገሩ፤ እኔ መምረጥ አልችልም።» ሻይ ጠጥተን እንመለሳለን ብሎ ዘማሪዎቹን ይዞ ወጣ።

አዳራሹ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩበት ሰፋ። ኪያ ከኪቦርዱ አልተነሣችም፣ ገለታም ወደ ድራሙ ወንበር ተመልሶ ቁጭ አለ። ቅድም ሲመታ ያየውን ነገር እያሰበ ነበር። ያለ ማዳመጫ ሲመቱ አዝማቹ ሊመጣ ሲል የኪያ ግራ ትከሻ ከፍ አለ፤ እሱ ትከሻዋን ሲያይ እግሩ ትልቁን ድራም ቀድሞ መታ። ሳይፈልግ። እግሩ ራሷ ሄደች። ለምን? ብሎ ራሱን ሲጠይቅ ነገሩ ከሩቅ መጣለት፤ ቀስ ብሎ መጣ፣ ሲደርስ ግን ደረቱን መታው።

«እኔ አልሮጥም» አለች ኪያ። «በሜትሮኖም ተኝቼ በሜትሮኖም የምነሣ ሰው ነኝ። ምንድነው የሆንነው አባዬ?»

«ትሮጪ ነበር» አለ ገለታ።

«መቼ?»

«ልጅ ሆነሽ። የመጀመሪያው እሑድ ትዝ ይልሻል? አሮጌው አዳራሽ፣ ያቺ ሰማያዊ ቀሚስ።»

ትዝ ይላታል፤ ግን ሁለቱ የሚያስታውሱት አንድ ዓይነት ነገር አልነበረም። እሷ የምታስታውሰው ሕዝቡ ማጨብጨቡን፣ ሽማግሌው ራሷን መሳማቸውን ነው። ገለታ የሚያስታውሰው ጣቶቿ ሲንቀጠቀጡ ነው። አዝማቹ ሊመጣ ሲል ፈራች፣ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጣ፣ ከዚያ ሮጠች። ዘማሪዎቹ ወደ እሷ ዞሩ። ገለታ በዚያች ቅጽበት ልጄ በሰው ሁሉ ፊት ብቻዋን ልትቀር ነው አለ፤ ሌላ ነገር አላሰበም። ሮጠና ደረሰባት። ድራሙ ከእሷ ጋር ሲሄድ ዘማሪዎቹም ሄዱ፣ ሕዝቡም ሄደ፤ ስህተት መሆኑ ቀረ። «ዛሬስ እሳት ወረደ!» ነበር ያሉት ሰዎች ሲወጡ። በሚቀጥለው እሑድም እንዲሁ፣ በሚቀጥለውም። ትከሻዋ ከፍ ሲል ቀድሞ መሄድ ለመደ፤ እሷ ሮጣ ሳትደርስ እሱ እዚያ ይጠብቃት ነበር።

ይኼን ሁሉ እያቆራረጠ ነገራት። «ትከሻሽ አሁንም ከፍ ይላል» አለ። «እኔ እግሬን... በቃ እንጃ ኪያዬ። መሮጡን ስትተዪው አላየሁሽም።»

ኪያ ግራ ትከሻዋን በቀኝ እጇ ያዘችው፤ የሰው ዕቃ ይዛ እንደተገኘች። «ትንፋሽ እየሳብኩ ነው እኮ» አለች። «አዝማቹ ከባድ ስለሆነ ትንፋሽ እስባለሁ። እና አንተ ትሮጣለህ። ስትሮጥ ደግሞ ሰው እንዳያውቅብህ ብዬ...» አልጨረሰችውም። ዕንባዋ መጣ፤ ከዕንባው ጋር ሳቅም መጣ፤ የትኛውን እንደምታስቀድም ጠፋት። ገለታም እንደ እሷ ሆነ። እሱ እሷን እየሸፈነ፣ እሷ እሱን እየሸፈነች፣ መዝሙሩን ለዓመታት ሜዳ ለሜዳ ሲያሯሩጡት ኖረዋል። ሕዝቡም ምስኪን፣ በላብ ተጠምቆ፣ መንፈስ ነው ሲል።

«እኔ እቀመጣለሁ» አለ ገለታ ሲረጋጋ። «ኦልያድ ይምታ። አንቺ ወጣት ነሽ።»

«ነገስ ተቀመጥክ፣ የሚቀጥለው እሑድስ? ከዚያ በኋላስ?» ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። ተቆጥታለች፤ በማን እንደሆነ እሷም የምታውቅ አይመስልም። «እኔ ስልክ ላይ ያልኩትን ይቅር በለኝ። ግን አንተም ልትነግረኝ ይገባ ነበር! ልክ ነኝ ብዬ ስኖር፣ ሁሉም ሲያጨበጭብልኝ... አባዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ አትከተለኝ። ብሮጥም፣ እጄ ቢጠፋም አትምጣ። እዚያው ቁም።»

«ብትወድቂስ?»

«ልውደቃ!»

ገለታ የድራሙን ስቲክ በመዳፉ አሸው። ቀላል ነገር ነው የጠየቀችው፤ አትከተለኝ ነው ያለችው። የጠየቀችው ግን ማንን ነው? እጁን ነው? እግሩን ነው? አንድ አባት ይኼን በየትኛው የሰውነቱ ክፍል ነው የሚያቆመው?

«እንሞክረው» አለች። «አሁን እያወቅኩ እሮጣለሁ።»

ጀመሩ። አዝማቹ ጋ ሲደርሱ ትከሻዋ ተነሣ፣ ጣቶቿ ሮጡ፣ ገለታም ሄደ። «መጣህ» አለች እጇን አንሥታ። «አልመጣሁም።» «መጥተሃል አባዬ!» ደገሙ። ሁለተኛ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ መታ፤ ይኼማ ቀላል ነበር። አላለፈችውም። «ግለጠው። ነገ ጨፍነህ ነው እንዴ የምትመታው? እያየኸኝ ነው የማትመጣው።»

ሦስተኛ ጀመሩ። ስንኙ አለቀ፣ ትከሻዋ ከፍ አለ፣ የገለታ እግር ልትሄድ ተነሣች። ያዛት። ኪያ ሮጠች። ኪቦርዱ ከድራሙ ቀደመ፣ ተለያዩ፣ ጆሮ የሚያም ነገር ሆነ፤ ባዶው አዳራሽ ደግሞ እያንዳንዷን ስህተት እያጎላ መለሰው። ገለታ ያያታል። ያው ትከሻ ነው፣ ያው አንገት ነው፣ ብቻዋን ወደፊት እየሄደች ነው። ሁለት ምት፣ ሁለት ፈጣን ምት ብቻ ቢመታ ይደርስባታል። አልመታም። ልክ እየሠራ ይሁን ልጁን እየጣላት ይሁን አላወቀም፤ ጉንጩ ላይ የሚወርደው ላብ ይሁን ዕንባ ይኼንንም አላወቀም። እጁ ብቻ ባለበት ቀጠለ። ኪያ የት እንዳለች ጠፋት፣ ጣቶቿ ተጋጩ፣ ከኪቦርዱ ላይ አነሣቻቸው።

ድራሙ ብቻ ቀረ። ቀጭ የሚል ስልክ የለም፣ የሚያጨበጭብ ሕዝብ የለም፣ ልክ ነህ የሚል ሰው የለም። ገለታ ትክክል ይሁን አይሁን የሚለይበት ምንም ነገር ሳይኖረው መታ። ኪያ እጆቿን አንሥታ ታየዋለች፤ እንዲህ አይታው የምታውቅ አይመስልም። ጭንቅላቷ ቀስ ብሎ ከምቱ ጋር መነቃነቅ ጀመረ።

በሩ ተከፈተ፤ ሌንጮ አንገቱን አስገባ። «እህ፣ ወሰናችሁ?»

ገለታ ቀና አላለም። ኪያም አልዞረችም፤ አንድ እጇን ብቻ ወደ በሩ ዘረጋች።

«ቆይ ሌንጮ» አለች፤ «አባዬ እየጠበቀኝ ነው።»